ስሙን የማናውቀውን ዕቃ መፈለግ

«ስታርት፣ ኦል ፕሮግራምስ፣ ማይክሮሶፍት ኦፊስ፣ ማይክሮሶፍት ዎርድ።» በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ የኮምፒውተር ሥልጠና የወሰደ ሰው ሌላው ሁሉ ቢረሳው ይህች መንገድ አትጠፋውም። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ በአዴት በኩል ባሕር ዳር በሚገባው መንገድ ዳር ባሉ ከተሞችም ሆነ በአዲስ አበባ፣ «ቤዚክ ኮምፒውተር» የሚባለው የጥቂት ወራት ሥልጠና በሩ የሚከፈተው በእርሷ ነበር። ቃላቱ በፎቶ ኮፒ በተባዛ ወረቀት ላይ በቀስት ተያይዘው ይሰጣሉ፤ ሠልጣኙ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ያጠናቸዋል፤ ተራው ደርሶ ማሽኑ ፊት ሲቀመጥ ማውዙን ይዞ ከግራው ጥግ ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ቀኝ እያለ ይሄዳል። አንድ ኮምፒውተር ለሁለትና ለሦስት ሰው በሚደርስበት፣ መብራት በሄደ ቁጥር ትምህርቱ በሚቋረጥበት ጊዜ በቃል ማጥናት የግድ ነበር። ያንን ዘመን የሚያስታውሱ ብዙዎች በሽምደዳው ይስቃሉ። እኔን ግን የሚቆጨኝ የመንገዷ መጥፋት ነው። ዛሬ ለጀማሪ የሚሰጠው ምክር አጭር ነው፤ ስሙን ጻፍ፣ ይመጣልሃል ይባላል። ስሙን ለሚያውቅ ሰው ከዚህ የሚፈጥን ነገር የለም። ስሙን የማያውቅ ሰው ግን ምን ብሎ ይጻፍ? ያ ዝርዝር ዕቃ ማስቀመጫ ብቻ አልነበረም፤ አስተማሪም ነበር። ኮምፒውተር በባዕድ ቋንቋ በገባባቸው እንደ ቢቸናና ሞጣ ባሉ ከተሞች ደግሞ ከእርሱ ሌላ ሁልጊዜ የሚገኝ አስተማሪ ብዙም አልነበረም።

ነገሩን ከሥሩ ስናየው ዓለም ከአንድ ቦታ ተነሥቶ እዚያው ለመመለስ ምንም አልቀረው። በዶስ ዘመን ኮምፒውተር ማለት ጥቁር ገጽና ብልጭ ድርግም የምትል ጭረት ነበር። ማሽኑ በሆዱ ምን እንዳለ አይናገርም፤ የፕሮግራሙን ስም አስተካክሎ የጻፈ ይገባል፣ አንድ ፊደል የሳተ ውጭ ይቀራል። ዜሮክስ እ.ኤ.አ. በ1981 «ስታር» የተባለውን ማሽን ሲያወጣ ሠሪዎቹ የያዙት መርሕ ይህን የሚገለብጥ ነበር፤ ሰው ያየውን ማመልከት እንጂ ያልታየውን አስታውሶ መጻፍ አይጠበቅበትም አሉ። የኮምፒውተር አጠቃቀም ተመራማሪው ያዕቆብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ1994 ባጠናቀራቸው አሥር የንድፍ መመዘኛዎች ውስጥም ይኸው ሐሳብ አንዱ ሆኖ ገብቷል፤ ዕቃው ፊት ለፊት ይቀመጥ፣ ሰው አይቶ ይለየው፣ ከአእምሮው ፍቆ እንዲያወጣው አይገደድ የሚል ነው። ዊንዶውስ 95 እ.ኤ.አ. ነሐሴ 24 ቀን 1995 ሲወጣ ከግራው ጥግ ያስቀመጣት ቁልፍም የዚህ ሐሳብ ልጅ ናት። የማይክሮሶፍት ሰዎች ጀማሪዎችን አስቀምጠው ሲፈትኑ ከሁሉ የሚያስቸግራቸው ፕሮግራም ፈልጎ ማስነሣት መሆኑን አዩ፤ ቁልፏ ላይ «ስታርት» የሚለውን ቃል የጻፉባትም ሰው ከየት እንደሚጀምር ግራ እየገባው ስላስቸገራቸው ነበር። የሞጣ ሠልጣኝ በእጁ ያገኛት ቁልፍ እንግዲህ እንደ እርሱ ያለ ጀማሪ ሌላ አገር ተፈትኖ የተገኘች ነበረች። ተሠርታ የነበረው ለእርሱ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ ነፋሱ ዞረ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2005 «ስፖትላይት»ን አመጣ፤ ዊንዶውስ ቪስታ እ.ኤ.አ. በ2007 በስታርት ሜኑ ሥር የመፈለጊያ ሳጥን አኖረ፤ በሊኑክስ በኩል እ.ኤ.አ. በ2011 ኡቡንቱ በ«ዩኒቲ»፣ ግኖምም በሦስተኛው እትሙ በየዘርፉ የተደረደረውን የፕሮግራም ዝርዝር ከፊት ገጽ አነሡት፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ዊንዶውስ 8 ስታርት ሜኑን ጭራሽ አስወገደ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2011 ይህን ሲያስረዳ ያቀረበው ማስረጃ ቁጥር ነበር፤ ከቪስታ ወደ ዊንዶውስ 7 ሲኬድ የስታርት ሜኑ አጠቃቀም በ11 በመቶ ቀንሷል አለ። ቁጥሩ ውሸት ነው አልልም። የተቆጠረው ማን እንደሆነ ግን መጠየቅ አለበት። መረጃው ይሰበሰብ የነበረው ፈቅደው በኢንተርኔት ከሚልኩ ኮምፒውተሮች ነው። ኢንተርኔት ኢትዮጵያ የገባው በ1989 ዓ.ም. ቢሆንም በወረዳ ከተማ ያለ የጽሕፈት ቤት ወይም የማሠልጠኛ ኮምፒውተር ለብዙ ዓመት ከመስመር ውጭ ነው የኖረው፤ በላዩ የነበረውም ከእጅ ወደ እጅ በዞረ ሲዲ የተጫነ ዊንዶውስ ኤክስፒ ነው። እንዲህ ያለ ማሽን ለማይክሮሶፍት የሚልከው ወሬ አልነበረውም። ዝርዝሩን ከሁሉ አብዝተው የሚከፍቱት ሰዎች ከቆጠራው ውጭ ነበሩ ማለት ነው። የሚገርመው፣ በተቆጠሩት ዘንድም ውሳኔው አልጸናም፤ ቁልፏ እ.ኤ.አ. በ2013 በዊንዶውስ 8.1፣ ሜኑው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 በዊንዶውስ 10 ተመለሱ። በሊኑክስ በኩልም የቀድሞውን ግኖም ሜኑ ያልለቀቁ ሰዎች «ማቴ» የሚባለውን ቅርንጫፍ አቁመው እስከ ዛሬ ይዘውታል።

አሁን ወደ ቋንቋው እንምጣ፤ ለእኛ ዋናው ጉዳይ እዚህ ነውና። ኤክሴል የሚባለውን ፕሮግራም በጆሮው ብቻ የሰማ የቢቸና ተማሪ መፈለጊያው ሳጥን ፊት ቢቀመጥ፣ የሰማው ድምፅ የሚነግረው ከመጀመሪያው ፊደል ቀጥሎ «ኬ» እንዲመታ ነው። ማሽኑ የሚጠብቀው «ኤክስ» የምትባለዋን ፊደል ነው። ስለዚህ የለም ይለዋል፤ ዕቃው ግን እዚያው ተቀምጧል። ፎቶሾፕም እንዲሁ ነው፤ በ«ኤፍ» የጀመረው ሰው አያገኘውም፣ በ«ፒ»ና በ«ኤች» መጀመሩን የሚያውቅ ቀድሞ ተጽፎ ያየው ብቻ ነው። ሜኑው ላይ ግን አጻጻፉን ማወቅ አያስፈልግም ነበር፤ የኤክሴልን አረንጓዴ ምልክት አይቶ መንካት ይበቃል፤ ሲነካውም አጻጻፉን አብሮ ይማራል። በአማርኛ ይሁን ቢባልስ? ለረጅም ጊዜ አማርኛ በኮምፒውተር ላይ የተጻፈው በፓወር ግዕዝ፣ በቪዥዋል ግዕዝና እነርሱን በመሰሉ ሶፍትዌሮች ነው። እነዚህ የእንግሊዝኛውን ፊደል ቦታ ወስደው የግዕዝ መልክ ያለብሱት ስለነበር በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል፤ ማሽኑም አማርኛ መኾኑን ስለማያውቅ የአማርኛ ቃል ፈልጎ ማግኘት አይሆንለትም። የመሥሪያ ቤት ፋይሎች ስም በላቲን ፊደል «ደብዳቤ አንድ»፣ «ደብዳቤ ሁለት» እየተባለ የቀረው በሌላ ምክንያት አይደለም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ኮድ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው እትም ነው፤ ጥቅሙ እስከ ተራው ቢሮ እስኪደርስ ግን ዓመታት ወስዷል። ከደረሰም በኋላ ሌላ እንቅፋት አለ። «ሥዕል» የሚለውን ቃል ብንወስድ በንጉሡ ሠ ወይም በእሳቱ ሰ፣ በዐይኑ ዐ ወይም በአልፋው አ ሊጻፍ ስለሚችል አራት መልክ አለው፤ «ኃይለ ሥላሴ» ደግሞ የሀን ስድስት መልኮች ከሰው ሁለት ሁለት መልክ ጋር ስናባዛ ሃያ አራት ዓይነት ይወጣዋል። አንባቢ በሃያ አራቱም ያነበዋል፤ ቀጥተኛ የፊደል ፍለጋ ግን ከአንዱ በቀር ሃያ ሦስቱን አያይም። ዝርዝር ውስጥ ያለ ስም ይህ ችግር የለበትም፤ በምንም ቢጻፍ ዐይን ያገኘዋል።

ይህ የመፈለግና ዞሮ የማየት ጉዳይ ኮምፒውተር ያመጣው አዲስ ነገር እንዳይመስለን። በቢቸናና በሞጣ አካባቢ ያለው የጎጃም ምድር የጥንት ትምህርት አገር ነው፤ ደብረ ወርቅም ዲማ ጊዮርጊስም እዚያው ናቸው፤ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ቦታዎች ሁለቱ እነዚህ ነበሩ። ቅኔ ሊማር የመጣ ተማሪ ወደ ግስ ይገባል። የግዕዝን ግሦች መዓት እንዴት ይዘልቀዋል? መምህራኑ አንድ በአንድ ስም እየጠራ እንዲፈልግ አያደርጉትም። በብዙ ሊቃውንት ዘንድ አርእስተ ግስ ስምንት ናቸው፦ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ተንበለ፣ ባረከ፣ ማህረከ፣ ሴሰየ፣ ክህለ፣ ጦመረ። ሌሎቹ ግሦች በእነዚህ ሥር የሚሰለፉ ሠራዊት ይባላሉ፤ ሰበከ ከቀተለ ቤት ነው፣ ፈጸመ ከቀደሰ ቤት ነው እየተባለ ቤት ለቤት ይዞራል። ተማሪው ቤቱን ሲያውቅ ያልሰማውን ግስ እንኳ የት እንደሚያኖረው፣ እንዴትስ እንደሚያረባው ይገባዋል። አስተውሉ፤ ይህ ስምንት ክፍል ያለው ሜኑ ነው። ሠልጣኙ «አክሰሰሪስ» የሚለውን ከፍቶ ካልኩሌተርና ፔይንት አንድ ቤት ውስጥ መኾናቸውን ሲያይ የተማረው ነገር ከዚህ ጋር ዘመድ ነው። አሁን ደግሞ ሌላውን ጎን እንይ። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» በ1948 ዓ.ም. የታተመ ታላቅ ሥራ ነው፤ ፊደሉን ግን በሀለሐመ ሳይሆን በአበገደ ነው የሚደረድረው። በሀለሐመ ያደገ አንባቢ ቃል ለመፈለግ ሲከፍተው መንገዱ ይጠፋዋል፤ ፊደሉን ቢያገኝም ቃሉ በዘሩ ስለሚቀመጥ ዘሩን ቀድሞ ማወቅ አለበት። መዝገበ ቃላቱ ለሊቅ ይታዘዛል፤ ጀማሪን ግን እንዲያውቅ ይጠይቀዋል እንጂ አያሳውቀውም። ቢሆንም ያንን መጽሐፍ ቃል ሳይፈልግ ዝም ብሎ ገጽ በገጽ የሚያገላብጥ ሰው የማይረሳው ነገር ይዞ ይወጣል። አንዱ መጽሐፍ ሁለቱንም አገልግሎት ሊሰጥ ይችላል ማለት ነው፤ ገጹ እስካልተደበቀ ድረስ።

እዚህ ላይ የሚነሣው ክርክር ቀላል አይደለም። ያ የሚናፈቀው ሜኑ ራሱ ምን ያህል የተስተካከለ ነበር? እውነቱን ለመናገር ዝብርቅርቅ ነበር። የዊንዶውስ ዝርዝር በአብዛኛው ዕቃውን በሥራው አይመድብም ነበር፤ በአምራቹ ስም ነበር የሚያስቀምጠው። ደብዳቤ መጻፊያው «ማይክሮሶፍት ኦፊስ» በሚባል ከረጢት፣ ፎቶ ማስተካከያው «አዶቢ» በሚባል ሌላ ከረጢት ውስጥ ይገባ ነበር፤ በአንዱ ማሽን ላይ ሃያ ፕሮግራም የተጫነ እንደሆነ ዝርዝሩ ገጹን አልፎ ይፈስ ነበር። ይህን በገበያ ብንመስለው እህሉ በእህል ተራ፣ በርበሬው በበርበሬ ተራ፣ ከብቱ በከብት ተራ መሆኑ ቀርቶ ሁሉም በነጋዴው ስም እንደ ተደረደረ ገበያ ነው፤ በርበሬ የፈለገ ሰው ማን በርበሬ እንደሚሸጥ ቀድሞ ማወቅ አለበት። የገበያ ተራ እያየ ያደገ ሰው ይህን ሥርዓት ቢታዘበው አይፈረድበትም። ነገር ግን ለተዘበራረቀ ገበያ መፍትሔው ተራ ማስያዝ ነው እንጂ ገበያውን አፍርሶ በር ላይ ጠሪ ማቆም አይደለም። ሊደረግ እንደሚችልም ታይቷል፤ ሁለተኛው ግኖም ፕሮግራሞችን በሥራቸው ለይቶ፣ የቢሮውን ለብቻ፣ የኢንተርኔቱን ለብቻ፣ የድምፅና የምስሉን ለብቻ አስቀምጦ ነበር። ያ ሥርዓት ወድቆ አልተጣለም፤ የፋሽን ነገር ሆኖ ነው የተተወው ብል ብዙ የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

ዞሮ የማየትን ኃይል ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው ማስረጃ የተገኘው ከጎጃም ውጭ፣ በኦሮሚያ ነው። «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች፣ ትምህርት ቤት ላልገቡና ፊደል ላልቆጠሩ ልጆች በፀሐይ የሚሞሉ ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ ሰጠ። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እ.ኤ.አ. በ2012 እንደተናገሩት፣ በአምስት ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 አፕ ይከፍት ነበር፤ ከወራት በኋላም ልጆቹ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ከፍተው ተገኙ፤ የገጹን አቀማመጥም እያንዳንዱ እንደ ወደደው አድርጎት ነበር። ይህ የፕሮጀክቱ ባለቤት ስለ ፕሮጀክቱ የሰጠው ምስክርነት ስለሆነ በልኩ ነው መያዝ ያለበት፤ ልጆቹ ማንበብ ቻሉ ወይ የሚለውን ለሌላ ክርክር ልተወው። ለእኛ ጉዳይ የሚበቃው አንድ ነገር ነው። በማሽኑ ላይ ፊት ለፊት ተዘርግተው የታዩት ምልክቶች ቀርተው አንድ ባዶ የመፈለጊያ ሳጥን ብቻ ቢቀመጥ ኖሮ እነዚያ ልጆች አንድም አፕ አይከፍቱም ነበር። ፊደል የማያውቅ ልጅ ምን ይጽፋል?

ሁለተኛው ተቃውሞ የፍጥነት ነው። በቀን መቶ ጊዜ ኤክሴልን የሚከፍት የባንክ ሠራተኛ ለምን ሦስት ዝርዝር ይውረድ? አይውረድ። ፍለጋውን አጥፉት የሚል የለም፤ ለሚያውቅ ሰው እንደ ፍለጋ የሚመች ነገር አልተገኘም፤ ፋይሉ በበዛ ቁጥር ደግሞ ፋይል ያለ ፍለጋ አይገኝም። የሚከፋው ዝርዝሩ በፍለጋው ሲተካ ነው። ዐዋቂው በአንድ ወቅት ጀማሪ ነበር፤ አሁን በሁለት ፊደል የሚጠራውን ስም ያወቀው ያኔ ከዝርዝሩ ላይ አይቶ ነው። ብዙ የቢሮ ሰው ማውዝ መጎተትን የለመደው በካርታ ጨዋታው በሶሊቴር ነው፤ ያንን ጨዋታ ደግሞ ስሙን ጽፎ ያገኘው የለም፤ ወደ ዎርድ ሲሄድ መንገድ ላይ አግኝቶት ነው። አለቃ የማይወደው ግኝት ቢሆንም ግኝት ነው።

ሌላም ይባላል፤ ይህ የኮምፒውተር ወሬ አርጅቷል፣ ሰው ሁሉ አሁን ስልክ ላይ ነው። እንዲያውም ስልኩ የሚመሰክረው ለዝርዝሩ ነው። ኢንተርኔት በሌለበት፣ ቁልፍ ባለው ተራ ስልክ ላይ *999# ተመትቶ ጥቅል ሲገዛ፣ በ*127# ቴሌብር ሲከፈት የሚመጣው በቁጥር የተደረደረ ዝርዝር ነው። ቋንቋ ይመረጣል፣ ቁጥር ይነካል፣ ቀጥሎ ያለው ዝርዝር ይመጣል። ስም መጻፍ የለም፣ የፊደል ስሕተት የለም፤ አገልግሎቱ እንዳለ የሚያሳውቀውም ራሱ ዝርዝሩ ነው። ብዙ ሕዝብ እንዲጠቀምበት የታሰበ ነገር ሲሠራ ሠሪዎቹ የመረጡት ሜኑን መሆኑ ድንገት አይመስለኝም። አሁን ደግሞ ማሽኑን እንደ ሰው አነጋግሩት፣ የፈለጋችሁትን በራሳችሁ አባባል ንገሩት የሚለው ዘመን መጥቷል። ይህ ከባዶው ሳጥን ይሻላል፤ ገበያ ላይ ሰው ብንጠይቅ «ምን ፈልገህ ነው?» ብሎ እንደሚያቃናን፣ የስም ስሕተታችንን ሊያቃና ይችላል። መኖሩን ያልጠረጠርነውን ነገር ግን አንጠይቅም። በኤክሴል ደመወዝ መደመር እንደሚቻል ያላየ ጸሐፊ በካልኩሌተር ደምሮ በእጁ ይጽፋል እንጂ ሌላ ነገር አይጠይቅም።

ስለዚህ የአማርኛ ሶፍትዌር ለምትሠሩ፣ በየከተማው ኮምፒውተር ለምታስተምሩም ጥያቄዬ ይህ ነው። መፈለጊያ ስትሠሩ ሥዕልን በአራቱም አጻጻፍ እንዲያገኝ አድርጉት፤ ከአጠገቡም ያለው ሁሉ በአማርኛ ስሙ፣ በሥራው ተራ ይዞ የሚታይበት ዝርዝር ይኑር። አዲስ ሠልጣኝ ሲመጣላችሁ ደግሞ ስሙን ጻፍ ከማለታችሁ በፊት ዝርዝሩን ክፈቱለትና ለአንድ ሰዓት ብቻውን ተዉት።